«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች መድኃኒት ቤት መሥራት ከጀመርኩ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በእነዚህ ዓመታት «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ ተባልኩ» የሚለውን ያህል ደጋግሜ የሰማሁት ነገር የለም። ራስ ምታቱም፣ ቁርጥማቱም፣ ድካሙም መጨረሻው እዚያው ነው። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈውም ብዙ አይለያይም፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን (እኛ ሲፕሮ የምንለው) ወይም ዶክሲሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ፣ አንዳንዴም ሁለቱም።

ታይፎይድን ለመለየት በየክሊኒኩ የሚሠራው የዊዳል ምርመራ ባክቴሪያውን ራሱን አያሳይም። የሚያሳየው ሰውነት ለመከላከል ያመረተውን ነው፤ ስለዚህ ድሮ ታሞ የዳነ ወይም ሌላ ሕመም ያለበት ሰውም «አለብህ» ሊባል ይችላል። ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ወረቀቱ እጄ ከገባ በኋላ ያለው ነው።

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንዲት እናት የሲፕሮ ማዘዣ ይዘው መጡ። ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል። ወረፋ ስለነበር ሰጠኋቸው፣ «ጠዋትና ማታ» አልኳቸው፣ ሄዱ። በሳምንቱ ተመልሰው «ልጄ፣ ምንም አልተሻለኝም፤ ጠንከር ያለ ስጪኝ» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው የጠየቅኳቸው። ለጨጓራቸው የሚጠጡት ነጭ ሽሮፕ አለ። «መድኃኒት ከመድኃኒት ጋር ይስማማል ብዬ» ከሲፕሮው ጋር አብረው ነበር የሚወስዱት።

በዚያ ሽሮፕ ውስጥ ያሉት አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ሲፕሮን ሆድ ውስጥ አስረው ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። የብረትና የካልሲየም ኪኒን እንዲሁም ወተትም ይህንኑ ያደርጋሉ። ሲፕሮ ከእንዲህ ያለው ሽሮፕ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት። እሳቸው ግን ሳምንቱን ሙሉ መድኃኒቱን የዋጡት ለከንቱ ነበር። ይባስ ብሎ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ግሊቤንክላማይድ ይወስዳሉ። ሲፕሮ ከግሊቤንክላማይድ ጋር ሲገናኝ የደም ስኳርን በአደገኛ ሁኔታ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። እሳቸው ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ሽሮፑን ብቻ አስቁሜ «ሲፕሮውን ይቀጥሉ» ብላቸው ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል። ወደ ሐኪማቸው መለስኳቸው፤ መድኃኒቱ ተቀየረ። ነገር ግን የመጀመሪያውን የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ። ማዘዣውን የጻፈው አልጠየቃቸውም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

በየዓመቱ ኅዳር ላይ ስለ አንቲባዮቲክ ይነገራል። የሚነገረው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን ተላመዱት። እውነት ነው፣ ያስፈራልም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በዓለም ላይ ወደ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ይሁን እንጂ ለልጇ ሳል አሞክሳሲሊን ልትገዛ የመጣችን እናት ይህ ቁጥር ሲመልሳት አላየሁም። የሩቅ ነገር ነው። ሰው የሚሰማው ይህ ኪኒን በእሱ ገላ ላይ፣ ከሚወስደው ከሌላው ኪኒን ጋር ተደርቦ ምን እንደሚያደርግ ሲነገረው ነው።

እዚህ ሰፈር የሕንፃ ሥራው ብዙ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ሲሸከም የዋለ ወጣት ይመጣና «ሲስተር፣ ሽንቴን ያቃጥለኛል፣ ሲፕሮ ስጪኝ» ይለኛል። ስለ መላመድ ስነግረው ዓይኑ በር በሩን ያያል። ሲፕሮ የተረከዝን ጅማት ሊያሳብጥ፣ አልፎም ሊበጥስ እንደሚችል ስነግረው ግን ቆሞ ይሰማኛል፤ እንጀራው እግሩ ነውና። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2008 በዚህ ጉዳይ ከባዱን ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ በ2016 ደግሞ ሌላ አማራጭ ላለው ቀላል የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንዳይታዘዝ መክሯል። አደጋው ከስድሳ ዓመት በላይ በሆኑትና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት በሚወስዱት ላይ ይበረታል። ለውፍረት ብለው የዚያው ቤተሰብ የሆነውን ዴክሳሜታዞን በድብቅ የሚውጡ እህቶቻችንም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ካልጠየቅናቸው አይነግሩንም።

ፍላጂልም ለአሜባና ለጃርዲያ እየተባለ እንደ ከረሜላ ይሸጣል። በእሱ ላይ ጠላም አረቄም አይጠጣ፤ ሕክምናው ካለቀ በኋላም ቢያንስ ሁለት ቀን ይቆይ። የልብ ቫልቭ ቀይረው ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስዱ ልጆች አሉን፤ ለእነሱ ፍላጂልም ባክትሪም የተባለው አንቲባዮቲክም ደም እስከ መፍሰስ ሊያደርስ ይችላል። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የእርግዝና መከላከያ ኪኒንን፣ በክንድ ውስጥ የሚቀበረውንም ጭምር ኃይሉን ያሳጣዋል። ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ በአንድ ጉንጭ ውኃ ብቻ ውጠው ጋደም ካሉም ጉሮሮ ያቆስላል፤ በብርጭቆ ሙሉ ውኃ ውጦ ቁጭ ማለት ነው። ፔኒሲሊን ወስዶ የሰውነት ሽፍታ ወይም የፊት እብጠት የታየበት ሰው ደግሞ አሞክሳሲሊንም የዚያው ቤተሰብ መሆኑን ማወቅ አለበት፤ ስሙ ስለተለየ ሌላ ይመስለዋል።

በአዋጅ 1112/2011 መሠረት የመድኃኒት ቁጥጥር ሕግ አለን፤ አንቲባዮቲክም ያለ ማዘዣ መሸጥ የለበትም። እደግፈዋለሁ። ግን የእኚያ የሽሮፑ እናት ማዘዣ ሕጋዊ ነበር፤ ማኅተሙም ፊርማውም ሙሉ። ወረቀቱ የማያውቀውን ባለሙያው ካልጠየቀ ሕጉ ብቻውን አያድናቸውም። ለቁጥጥር የሚመጡትን የምለምነው ፈቃድና የአገልግሎት ጊዜ ካዩ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆመው ባለሙያው ሲያስረክብ ምን እንደሚጠይቅ እንዲያዳምጡ ነው። የመድኃኒት ቤት ባለቤቶችም ሠራተኛውን በቀን ሽያጭ ብቻ አትመዝኑት። አምስት ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሽያጩ ያንሳል፤ በእኔም ደርሷል።

ደንበኞቻችን ደግሞ፣ ቤት ያለውን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁልን ኑ። የጨጓራውን፣ የግፊቱን፣ የባህሉንም ጭምር። አናሳፍራችሁም፣ አንቆጣም።

እኚያ እናት አሁን በየወሩ ፌስታላቸውን ባንኮኒው ላይ ይዘረግፉልኛል። ባለፈው ከመሃል ግማሽ ስትሪፕ ሲፕሮ አገኘሁ። «ከየት የመጣ ነው እማማ?» አልኳቸው። «ጎረቤቴ ተርፏት ነው የሰጠችኝ፤ እኔ ግን ሳልጠይቅሽ አልውጥም ብዬ አመጣሁት» አሉኝ።