ቀለበት

ዕድሜያችሁ አርባን አልፎ ሚስት ከሌላችሁ «ቀለበት ልሠራ ነው» የሚል ነገር ከአፋችሁ እንዳይወጣ። በተለይ አራት ኪሎ። በተለይ ሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ ቆማችሁ።

ከእኔ አፍ ወጥቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ አጠምዳለሁ። ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ትል የሚወረወርበትን ዓይነት አይደለም፤ ፍላይ ፊሺንግ የሚባለውን ነው። መንጠቆ ላይ ላባና ክር ትጠመጥማለህ፣ ዝንብ ታስመስለዋለህ፣ ዓሣው እውነት መስሎት ይጎርሳል። ባሌ፣ ዲንሾ አጠገብ፣ ወብ የሚባል ወንዝ አለ። ትራውት አለበት። ትራውት የአገራችን ዓሣ አይደለም፤ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ እንግዳ ነው። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቼ እሄዳለሁ። «ዓሣ እኮ ሱፐርማርኬት አለ» የሚለኝ ሰው አጥቼ አላውቅም።

ዝንቧ ክብደት የላትም። ስለዚህ የምትወረውረው ዝንቧን ሳይሆን ገመዱን ነው። ገመዱ 27 ሜትር ገደማ ነው፤ ውስጡ የናይለን ክር፣ ላዩ ፒቪሲ። የመብራት ሽቦ በሉት፤ መዳቡ ወጥቶ ክር የገባበት። ጫፉ ላይ ትንሽ ቀለበት አለችው። ወደ ዝንቧ የሚሄደው ቀጭን ክር የሚያያዘው እሷ ላይ ነው። የእኔዋ ተሰነጠቀች።

አዲስ ገመድ ልግዛ ብል የሚሸጥበትን ሱቅ አላውቅም። ከውጭ የሚመጣው ዘመድ ደግሞ ሁሌም «ኪሎ ሞልቶብኛል» ነው። ገመዱ ከአንድ እንቁላል አይከብድም።

ለምን አትቋጥረውም ትሉኝ ይሆናል። ሁሉም ብሎኛል። እኛ መቋጠር እንወዳለን። የተበጠሰ የጫማ ማሰሪያ እንቋጥራለን፣ ብር በመሐረብ ጫፍ እንቋጥራለን፣ የሠርግ ቤት ሥጋ በፌስታል እንቋጥራለን። ቂም ሳይቀር እንቋጥራለን። ቋጠሮ ግን በማጥመጃው ዘንግ ላይ ባሉት፣ ገመዱ በሚሾልክባቸው ዓይኖች ሲያልፍ ሸክ ብሎ ይያዛል። የሚሻለው ማቅለጥ ነው። የገመዱን ጫፍ በሰያፍ ትቆርጣለህ፣ ታጥፈዋለህ፣ ትንሽ ዓይን ታስቀራለህ። የተደረበውን ቦታ ሽሪንክ ታለብሰዋለህ፤ ኤሌክትሪሽያኖች ሽቦ የሚሸፍኑበት፣ ሲሞቅ የሚኮማተረው ቱቦ ነው። ሲሞቅ ፒቪሲው ይቀልጣል፣ ቱቦው ተኮማትሮ ይጨምቀዋል፣ የተደረቡት ሁለቱ የገመድ ጫፎች አንድ ይሆናሉ። ሲበርድ ቱቦውን ልጠህ ትጥለዋለህ።

ሽሪንኩን ከሞባይል ጠጋኝ ገዛሁ። «ለምን ሽቦ ነው?» አለኝ። «ለዓሣ ገመድ» አልኩት። መልስ ሲሰጠኝ ረዳቱን በክርኑ ሲጎሽመው አየሁ።

የቀረው ሙቀቱ ነው። ላይተር ሞከርኩ። ላይተር ልክ አያውቅም፤ ገመዱ ጠቆረ፣ ቤቱ በጭስ ታጠነ። የፒቪሲ ጭስ ደግሞ እንደ ዕጣን የሚማጉት አይደለም፤ መስኮት ከፍቼ ወጣሁ። የሚያስፈልገኝ ዲግሪው የሚስተካከል ነገር ነበር። ይኸኔ ነው ፔስትራ፣ ሴቶች ፀጉር የሚተኩሱበት ባለ ሁለት ብረቱ፣ ትዝ ያለኝ።

ከሕንፃችን ሥር ፀጉር ቤት አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ገባሁ። ስህተት አንድ።

«ወንድሜ፣ የወንዶቹ ፎቅ ላይ ነው» አለችኝ ባለቤቷ።

«ፔስትራ ፈልጌ ነው። ለአምስት ደቂቃ።»

ቀና ብላ አናቴን አየችው። አናቴ ላይ ለፔስትራ የሚሆን ነገር ከጠፋ ቆይቷል።

«ለፀጉር አይደለም» አልኩ። «ቀለበት ልሠራ ነው።»

ካስክ ውስጥ ያለች ሴት ምንም አይሰማትም ይባላል። ውሸት ነው። ሦስቱም ከካስካቸው ብቅ አሉ። አንደኛዋ «እልልልል!» አለች። ሁለቱ ተቀበሏት።

«የዓሣ ገመድ ቀለበት ነው!» አልኩ።

«አፍሮ ነው» አለች አንዷ። «ወንድ ልጅ እንዲህ ሲያፍር ደስ ይላል።»

ወንበር ተሰጠኝ። መስታወት ፊት ተቀመጥኩ። ፔስትራው 230 ላይ ነበር፤ እሱን ሳላይ ገመዴን ያዝኩበት። ሳብ ሳደርገው እንደ ፓስታ ተበጠሰ። ፒቪሲው ብቻ መቅለጥ ሲገባው የውስጡ ናይለንም አብሮ ሄዷል። ናይለኑ እስኪቀልጥ ከ200 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ ፒቪሲው ግን ከዚያ በታች ይለሰልሳል። ጨዋታው በሁለቱ መሃል ነው። ወደ 170 ዝቅ አደረግኩት። እንዳይጠፈጥፈው ሳልጫን፣ ሽሪንኩን በሁለቱ ብረቶች መሃል እያንከባለልኩ አሞቅኩት። የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ስለነበር የእኔን ሽታ ማንም ልብ አላለውም።

ባለቤቷ ጠረጴዛውን ላጽዳልህ ብላ የጥፍር ቀለም ማጥፊያውን አሴቶን ስታነሳ ጮህኩ። አሴቶን ፒቪሲውን አሟሙቶ ባዶ ክር ነው የሚያስቀረው። «ሲጨንቀው አያችሁት?» አለች። «ያፈቀረ ሰው እንዲህ ነው።»

ሳይቀዘቅዝ ከተላጠ ያደረጉት ሁሉ ከንቱ ነው፤ ተንጋዶ ይቀራል። ጠበቅኩ። ቅንድብ የሚቀነድቡበትን ምላጭ ተውሼ ሽሪንኩን ቀደድኩት። ከውስጡ የምስር ፍሬ የምታህል ቀለበት ወጣች። ልስልስ ያለች። መጋጠሚያዋ አይታይም። ከፋብሪካው አትተናነስም ብል ማጋነን አይሆንም።

ባለቤቷ መዳፏ ላይ አስቀምጣ ገላበጠቻት።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

ወደ ሴቶቹ ዞር አለች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምን ታደርጉታላችሁ፣ ወርቅ ማን ይችላል በዚህ ኑሮ።»

የፔስትራውን ሂሳብ አልቀበልም አለችኝ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደረጃውን ወጥቷል። ዘበኛችን ብድግ ብሎ «እንኳን ደስ ያሎት ጋሼ» አለኝ። ሰኞ ቢሮ ስገባ መዋጮው ተጀምሯል፤ አንዱ ባልደረባዬ ፒያሳ ወርቅ ቤት ደጃፍ እንዳየኝ ይምላል። እውነቱን ነው። ታክሲ እየጠበቅኩ ነበር። የእድራችን ሊቀመንበር ደግሞ ድንኳኑ ለጥር እያለቀ ስለሆነ ቶሎ እንዳስመዘግብ መከረኝ። ለሁሉም አስረዳሁ። ለሁሉም። ባስረዳሁ ቁጥር «ይደብቃል እንዴ!» የሚለው በዛ።

ማክሰኞ እናቴ ከሰባራ ባቡር መጣች። ነጠላዋን ሳታወርድ «የማን ልጅ ናት?» አለች።

ገመዱን አውጥቼ ሰጠኋት። ቀለበቷን ትንሿ ጣቷ ላይ ሞከረቻት። ጥፍሯንም አላለፈች። ከዚያ መጋጠሚያውን በጣቶቿ መሃል አሸችው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ስትፈትል የኖረች ሴት ናት።

«በምን ቀጠልከው?»

«በፔስትራ።»

«እኔ ፈትል ሲበጠስብኝ በምራቄ አርጥቤ ነው የማጋጥመው። ፀጉር ቤት አልሄድም።»

ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልቼ ቀለበቷ ላይ አንጠለጠልኩላት። አልተነቃነቀችም። «ይዟል» አለች፣ እያቅማማች። ቀጭኑ ክርም የራሱ ቀለበት አለውና እንዴት እንደሚያያዙ አሳየኋት። ሁለቱ እጅ ለእጅ እንደተጨባበጡ ከተቀመጡ ልክ ነው። አንዱ የሌላውን አንገት ካነቀ ተሳስተሃል፤ ገመዱን ይበላዋል።

«እኔና አባትህ ሁለተኛው ነን» አለች።

ቡና አፈላሁላት። ቀለበቷን ከእጇ አላወጣቻትም።

«እሺ፣ ዓሣውን ማን ይሠራልሃል? ሚስት የለህ።»

«አልበላውም። ይዤ እለቀዋለሁ።»

«ትለቀዋለህ?»

«መንጠቆውን ነቅዬ ወደ ወንዙ እመልሰዋለሁ።»

«ባሌ ድረስ ሄደህ?»

«አዎ።»

«ያን ሁሉ ለፍተህ፣ እጅህ ከገባ በኋላ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

ሲኒዋን ረከቦቱ ላይ አስቀመጠች። ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ለካ ሴቶቹንም እንዲህ ነው የምታደርጋቸው» አለች።