«ውጭ ግዙ»

ሰሞኑን አንድ የአገሬ ልጅ ደወለልኝ። አባቱ ጎጃም ውስጥ አንድ ሆስፒታል ተኝተዋል። ቤተሰቡ ገንዘብ ላክ ብሎታል። «ለምን?» ስለው «ለጓንት ነው አሉኝ» አለ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ቆየሁ። የኔም ቁስል ያቺው ጓንት ነች።

በ2011 ጥር ላይ እናቴ ዳንግላ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ወጌሻ ሁለት ቀን አሽቷት አልሆነም ሲል ባሕር ዳር ወሰዷት። እኔም ከፍራንክፈርት ተነሥቼ ደረስኩ። የመጣሁት አጠገቧ ልቀመጥ ነበር። አሥራ ሁለት ቀን ቆይቼ፣ ከአልጋዋ አጠገብ ቁጭ ያልኩበትን ሰዓት በጣቴ ቆጥሬ እጨርሰዋለሁ።

ሥራዬ ወረቀት ይዞ መሮጥ ሆነ። ግሉኮስ፣ ውጭ ግዙ። ሲሪንጅ፣ ውጭ ግዙ። የስፌት ክር፣ ውጭ ግዙ። አንድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጓንት አልቋል፣ ግዛና ና ተባልኩ። ከበሩ ፊት ለፊት ካሉት መድኃኒት ቤቶች አንዷ ብቻ መብራት ነበራት፤ እሷም ጓንት የላትም። ባጃጅ ለምኜ ከተማውን ዞርኩ። ያገኘሁት ሦስተኛው ቤት ነው። ስመለስ ነርሷ እናቴን ልትነካት ጓንቱን እየጠበቀች ቆማለች።

ደምም ተኩ ተባልን። እኔና የአጎቴ ልጅ ሰጠን። ለእናቴ ደም መስጠት ቅር አላለኝም። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው፤ ሰው የሌለው ምን ይሆናል?

መልሱን ኮሪደሩ ላይ አየሁት። ከደቡብ አቸፈር የመጡ አንድ ገበሬ ሚስታቸውን ያስታምሙ ነበር። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ማዘዣውን በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ።

«ወንድምዓለም፣ እስቲ ይችን አንብብልኝ። ስንት ብር ትል ይሆን?»

ወረቀቱ ላይ ዋጋ የለም። የሦስት መድኃኒት ስም ነው ያለው። ያንን ስነግራቸው ከኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ የጤና መድን ደብተር አወጡ። ገጾቹ አልታጠፉም። በየዓመቱ ምርት ሲገባ እየከፈሉ አሳድሰውታል። «መድን እኮ አለኝ» አሉኝ። አዎ፣ አላቸው። የማኅበረሰብ ጤና መድን በ2003 በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ደቡብ አቸፈር አንዷ ነበረች። ያገሬው ሰው ገና ሲጠራጠር የእሳቸው ወረዳ አምኖ ከፍሏል። ደብተሩ ግን የሠራላቸው ለካርድና ለአልጋ ነው። መድኃኒቱ ግቢ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ ከኪስ። በማግስቱ ወንድማቸው ጊደር ሊሸጥ ወደ አገሩ ተመለሰ። የሚስትየዋ መድኃኒት እስከዚያ ጠበቀ።

እዚህ ፍራንክፈርት ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ እኔው ራሴ ታመምኩ። የሐሞት ጠጠር ነው። አምስት ቀን ተኛሁ። አንሶላ አልያዝኩም፣ ሰሐን አልያዝኩም፣ ግዛ ያለኝ ሰው የለም። ከራስጌዬ ቀይ ቁልፍ አለች፤ ስጫናት ነርሷ ትመጣለች። ሌሊት ግሉኮሱ ሲያልቅ ማሽኑ ጮኸ። መጣች፣ ከሳጥኑ አዲስ ጓንት አውጥታ አጠለቀች፣ ቀየረችልኝ፣ ጓንቱን ጣለችው። ከዚያ ጎኔ ወዳለው አልጋ ሄደች፤ ሌላ ጥንድ አውጥታ አጠለቀች። ያንን ሳይ እንባዬ መጣ። ሕመሙ የጠናብኝ መስሏት ማስታገሻ ልጨምርልህ አለችኝ።

ስወጣ 50 ዩሮ ከፈልኩ። በቀን 10 ነው፤ በዓመት ከ28 ቀን በላይ አይጠይቁም። በነጻ ነው እያልኩ አይደለም። ለጤና መድን ከደመወዜ በየወሩ ይቆረጣል፤ መሠረታዊው መዋጮ ከመቶ 14.6 ነው፣ ግማሹን አሠሪዬ ይችላል። ሕጉን ጀርመኖች በፈረንጆች 1883 በመራሔ መንግሥታቸው በቢስማርክ ዘመን ነው ያወጡት። ሳስበው ነገሩ እድር ነው። ጤነኛው ለታመመው ያዋጣል። እድርን እኛ ከማንም አልተማርንም። ሰው ሲሞት ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ሳይጎድል ይደርሳል። ለሕያው ሰው ጓንት ማድረስ እንዴት ያቅተናል?

እዚህም የሚያሳዝን ነገር አለ። ጎኔ የተኛውን ሽማግሌ በአምስት ቀን አንድ ሰው አልጠየቀውም። የኔ ሰዎች አጥሚትና ዶሮ ወጥ ይዘው ክፍሉን ሲሞሉት እሱ ከአልጋው ቀና ብሎ ያየን ነበር። አጥሚቱንም ቀመሰ። እኛ ሰው አለን። አገር ቤት ግን ሰው ስላለን ሆስፒታሉ በሰዋችን ጉልበት ይሠራል። አስታማሚ ተላላኪ ነው፣ ተሸካሚ ነው፣ ገዢ ነው። ሌሊት ካርቶን ላይ ተኝቶ ጠዋት እንደገና ይሮጣል።

ሐኪሞቹን አልወቅስም። እናቴን ኦፕራሲዮን ያደረገላት ልጅ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ ጠዋት ሊያያት መጣ። ያቺ ነርስም ጓንት ከየት ታምጣ? የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2011ም በግንቦት 2017ም ሥራ አቁመው የጮኹት ሲበድላቸው የኖረ ነገር ስላለ ነው። የሚያንገበግበኝ፣ አንድ ሆስፒታል በወር ስንት ጓንት እንደሚጨርስ እየታወቀ በየወሩ እንደ ዱብ ዕዳ መቆጠሩ ነው። ጓንት ድንገተኛ አይደለም። ግሉኮስ ድንገተኛ አይደለም። ድንገተኛው በሽተኛው ነው።

ይህ ሁሉ ደግሞ መንገዱ ክፍት በነበረበት ጊዜ ነው። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ጎጃም ጦርነት ውስጥ ነች። የአገሬ ልጅ አባቱ ሆስፒታል መድረሳቸውን ራሱ እንደ ተአምር ነው የነገረኝ።

እናቴ ድና በምርኩዝ ቤቷ ገባች፣ ተመስገን። እኔ ግን ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ የሆነው አይረሳኝም። ከመድኃኒት ቤት ስመለስ ነቅታ ነበር። እጄን ያዘችው።

«የት ቆይተህ ነው? ስፈልግህ ስፈልግህ።»

«መድኃኒት ልገዛልሽ ሄጄ ነው፣ እማዬ።»

«እዚሁ ቁጭ በል፣ የኔ ልጅ። ዓይንህን ልየው እንጂ፤ ልትሄድብኝ አይደል?»

ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ። ቀና ስል ወንድሜ በሩ ላይ ቆሟል። እጁ ላይ ሌላ ወረቀት አለ። እጄን ከእጇ አወጣሁና ተነሣሁ።