«ሸራው ነው» ብለው ሸራ አስቀየሩኝ

ወገን፣ ዛሬ ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ።

ትናንት መገናኛ ጋ ያ ዝናብ ሲለቀው መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ጃንጥላ ዘረጋሁ። መኪና ውስጥ! አጠገቤ የቆመ የሚኒባስ ረዳት አንገቱን አውጥቶ «እህቴ፣ ውስጥም ይዘንባል እንዴ?» አለኝ። ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። አዎ ይዘንባል። ያውም አዲስ ሸራ ካስለበስኩ ሁለት ወር ሳይሞላኝ።

መኪናዋ ቮልስ ናት። ግን አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ የምታዩት ቮልስ አይደለችም፤ ጣሪያዋ ሸራ ነው፣ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ካርማን የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ ኦስናብሩክ ከተማ ውስጥ ከ1949 እስከ 1980 (እ.ኤ.አ.) ሲሠራቸው ከነበሩት አንዷ ናት። የኔዋ የ1971 ስሪት ነች፣ ከአባቴ የወረስኳት። «ሽጪያት» የሚለኝ ሰው እዚህ ጋ ማንበቡን ያቁም።

ችግሩን ላስረዳችሁ። ተራ ቮልስ በሩ ላይ የብረት ፍሬም አለው። መስታወቱ በዚያ ውስጥ ነው ወጥቶ የሚወርደው፣ የትም አይሄድም። የኔዋ ፍሬም የላትም። መስታወቱ ሲወጣ ከፊት ያችን የምትከፈት ትንሽ ሦስት ማዕዘን መስታወት ተደግፎ ራቁቱን ይቆማል፣ ከላይ ሸራውን የሚሸከመው የጣሪያው አጥንት ላይ ያለው ጎማ ላይ ማረፍ አለበት፣ ከኋላ ደግሞ ከኋለኛው መስታወት ጠርዝ ጎማ ጋር መሳሳም አለበት። ሦስቱም ካልገጠሙ ውሃ ይገባል። ቀለበት መንገድ ላይ ትንሽ ፍጥነት ስጨምር ደግሞ ንፋሱ ያፏጫል። ልክ እንደ እረኛ።

የኔዋ ከላይ ትንሿ ጣቴ የምትገባበት ክፍተት አላት። ከኋላ ግን ተቃራኒው ነው፣ የበሩ መስታወት ከኋለኛው ጋር ይጋጫል። በሩን ስዘጋ «ቀጭ» ይላል። ያቺ «ቀጭ» ሆዴ ውስጥ ነው የምትሰማኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት ታፒሰሪ ቤት ነው። ሰውየው መኪናዋን ሳይነካት «ሸራው ነው፣ አርጅቷል» አለኝ። እውነትም አርጅቷል። አመንኩት። የወር ደመወዜን ቆጥሬ ሰጠሁት። አሁን ሳስበው የሚያበግነኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሸራውን ሲወጥር አራቱም መስታወት ወርዶ ነበር። አራቱም! ጣሪያው ከምን ጋር እንደሚገጥም ሳያይ ነው የወጠረው። ልብስ ሰፊ ሳይለካኝ ሱፍ ሰፍቶ «ግቢበት» እንደማለት ነው። ሸራው ደግሞ አዲስ ስለሆነ አጥንቱን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ፓራብሬዙ ላይ ያለውን መቆለፊያ የምዘጋው በሁለት እጄ ይዤ ተንጠልጥዬ ነው።

ተመልሼ ስሄድ «የኔ ሥራ አልቋል። መስታወቱ ነው፣ መካኒክ ጋ ውሰጃት» አለኝ። መካኒኩ የበሩን ሽፋን አወለቀ፣ ካቻቢቴውን ያዘ፣ የመስታወቱን ሐዲድ ቡሎኖች አላላና ከላይ በእጁ ገፋው። እንዴ! መስታወቱ ከላይ ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ከተፈለገ እኮ የሐዲዱ ታች ነው ወደ ውጭ የሚገፋው። ታች ትንሽ ከተነቃነቀ ላይ ብዙ ይሄዳል። ማማሰያ የድስት አፍ ላይ አስደግፎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነገርኩት። «እህቴ፣ እኔ እኮ ቮልስ ስር ነው ያደግኩት» አለኝ። ወጥቼ ስሞክረው ከላይ ክፍተቱ ትንሽ ጠበበ፣ ከኋላ ያቺ «ቀጭ» ባሰባት።

ከዚያ ጎማው ነው ተባለና የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድኩ። የምጠይቀው ሁሉ የተራ ቮልስ የበር ጎማ አውጥቶ «ይኸው» ይለኛል። የባለ ሸራዋ ጎማ ሌላ ነው፣ ተቆራርጦ በየአጥንቱ ላይ የሚገባ ነው ስል «ቮልስ ቮልስ ነው» ይላሉ። አይደለም! ስንቴ ልበል? ጀርመን ያለው የአክስቴ ልጅ በሻንጣው ይዞልኝ መጥቶ ነው የተገላገልኩት። ተገላገልኩ ያልኩት በስህተት ነው።

ቤቴ ደጃፍ ላይ መሞከር ጀመርኩ። የመቶ ብር ኖት መስታወቱና ጎማው መሃል ታደርጋላችሁ፣ በሩን ትዘጋላችሁ፣ ከዚያ ትስባላችሁ። ቆንጥጦ ከያዘው ገጥሟል። ከኋላ በኩል ያዘ። መሃል ላይ ላላ። ፊት ላይ ብሩ ያለ ምንም ተቃውሞ ወጣ፣ ልክ ከኪሴ እንደሚወጣው። ጎረቤቴ አዲሷን የኤሌክትሪክ መኪናውን ቻርጅ እያደረገ በአጥር በኩል ያየኛል። ምንም አላለም። ባይልም ሰምቼዋለሁ።

በመጨረሻ ሰው ጠቁሞኝ ላሜሪ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ጋ ሄድኩ። ሸራውን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። በርከክ ብለው ከበሩ ስር አዩ። ክሪክ አመጡ፣ እንጨት ጣል አድርገው ከበሩ ስር ከፍ አደረጓትና «በሩን እዪው ልጄ» አሉኝ። ከኋላ በኩል ተጣብቆ የነበረው የበሩ ክፍተት ዓይኔ እያየ ተከፈተ። «ቀጭ» ጠፋች። መስታወቱን ማንም ሳይነካው!

ለካ የብረት ጣሪያ የሌላት መኪና ወገቧን የሚይዝላት ከበሮቹ ስር ያለው ብረት ነው። ካርማንም ለዚሁ ብሎ ከሥር ተጨማሪ ብረት በይዶበታል። ቮልስ ላይ ደግሞ ያ ነገር ውስጡ ባዶ ነው፣ የሞተሩ ሙቅ አየር ወደ ውስጥ የሚመጣው በሱ በኩል ነው። ዝገት ከበላው ወገቧ ይሰምጣል፣ የበሩ ክፍተት ከላይ ይጠብባል፣ ከታች ይሰፋል፣ መስታወቱም አብሮ ይሄዳል። ሽማግሌው ካቻቢቴ አንስተው ጫን አሉት። እስከ እጀታው ገባ። ብረት መስሎ የቆመው ቀለሙ ብቻ ነበር።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። ያ ሁሉ ባለሙያ ዳውላውን ሲደበድብ አንድም ሰው በርከክ ብሎ አህያዋን አላየም። እኔም ጭምር።

አሁን ሥራው ከታች ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ ወገቧ ተደግፎ ብየዳው። ከዚያ በሩ በማጠፊያው ይስተካከላል። ከዚያ ሦስት ማዕዘኗ፣ ከዚያ የበሩ መስታወት፣ ከዚያ የኋለኛው። ከዚያ የጣሪያው አጥንት ሸራ ሳይለብስ ከመስታወቶቹ ጋር ይገጣጠማል። ሸራው መጨረሻ ነው። መጨረሻ! እኔ የጀመርኩበት።

ስለዚህ አዲሱ ሸራ መነሳት አለበት። ታፒሰሪው ጋ ደወልኩ። «ራስህ የወጠርከውን ራስህ አንሳልኝ» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። «ማንሳት እኮ ከማልበስ ይከብዳል እህቴ» አለኝ። ስንት ነው አልኩት። ነገረኝ። ስልኩን ሳልዘጋ ጃንጥላዬን መፈለግ ጀመርኩ፣ እንደገና ደመና ሆኗል።