«ጥፋቱ የኔ ነው» እንዳትዪ

ፖስታው ቅዳሜ ጠዋት መጣ። በመብራት ቢልና በፒዛ ማስታወቂያ መሃል ተሸጉጧል። ላኪው የጠበቃ ቢሮ ነው፤ ክስ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ሳነብ የአንዲት አሮጊት ስም አየሁ። ፊታቸው ወዲያው ትዝ አለኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ነርስ ሆኜ በምሠራበት ነርሲንግ ሆም፣ ማለትም የአረጋውያን መጦሪያ፣ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሽንት ቤት ሊሄዱ ከአልጋ ሲወርዱ ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ ሴትዮ ናቸው። ያኔ ለሐኪሙ ደውያለሁ፣ ለልጃቸው ነግሬያለሁ፣ ኢንሲደንት ሪፖርት (የአደጋ ማሳወቂያ ቅጽ) ሞልቻለሁ። በቃ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለካ እዚህ ስቴት የሕክምና ክስ ጉዳቱ ከደረሰ እስከ 5 ዓመት ወይም ከታወቀ እስከ 3 ዓመት መቅረብ ይችላል፤ የሚያዘው ቀድሞ የሚያልቀው ነው።

መጀመሪያ ምን እንዳሰብኩ ልናዘዝ? ለልጃቸው ልደውል ነበር። ደግ ሴት ናት፣ ገና በመጣ ቁጥር ለሁላችንም ኩኪስ ታመጣለች። ይቅርታ ጠይቄያት ነገሩን በሽምግልና ልንጨርሰው! ሁለተኛው ሐሳቤ የባሰ ነው። የዚያን ሌሊት ቻርት፣ የሕክምና መዝገባቸውን፣ ከፍቼ የረሳሁትን አንድ መስመር ልጨምርበት።

ፊሊፒናዊት የሥራ ጓደኛዬ ናት የያዘችኝ። «ኢንሹራንስ አለሽ አይደል? ለነሱ ደውዪ።» ነርስ በሥራዋ ስትከሰስ የሚቆምላት ኢንሹራንስ ነው፤ ራሷ ናት ያስገባችኝ። በዓመት ከ100 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል፤ ለአንድ ክስ እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ይሸፍናል። መሥሪያ ቤቱ ኢንሹራንስ አለው ብዬ ስከራከራት «የመሥሪያ ቤቱ ጠበቃ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ የነርስነት ላይሰንስሽን ቢነኩብሽ ማን ይቆምልሻል?» ብላኝ ነበር።

ኢንሹራንሱ ጋ ስደውል ስልኩን ያነሳችው ሴት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ከማን ከማን ጋር አወራሽ?» ብላ ነው። ቀጥላ፣ ከእንግዲህ ለማንም እንዳትናገሪ፣ ቻርቱን እንዳትነኪ፣ ወረቀቱን ከነፖስታው ላኪልን አለችኝ። ከነፖስታው! መልስ መስጫው ቀን ይቆጠራልና መቼ እንደደረሰኝ መታወቅ አለበት። ቻርቱን ደግሞ ማን በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደከፈተው ኮምፒውተሩ ይመዘግባል። ያቺን መስመር ብጨምር ኖሮ ጉድ ፈልቶብኝ ነበር።

ኢንሹራንሱ የመደበልኝ ጠበቃ በኋላ ያስረዳኝ ነገር እስካሁን ይገርመኛል። በሜሪላንድ ሕግ «አዝናለሁ» ማለት ጥፋትን እንደማመን አይቆጠርም። «ጥፋቱ የኔ ነው» ካልሽ ግን ማስረጃ ሆኖ ይቀርብብሻል። እኔ ባደግኩበት አማርኛ እኮ «ይቅርታ» ሁለቱም ነው። የት ላይ ልቁረጠው?

አዲስ አበባ ስሠራ አንዲት ሲስተር መድኃኒት ተሳስታ ሰጠች። በሽተኛው እግዜር ይመስገን ተረፈ። ኃላፊዋ ቢሮ ጠርታ «ሁለተኛ እንዳይለምድሽ» አለቻት፤ የተጻፈ ነገር የለም፣ ቤተሰቡም አልሰማም። እኛ ዘንድ ሪፖርት የሚደረገው «ብኝ» ተብሎ ነው፤ «ሪፖርት አደረገችብኝ» ካልን ጠላት ሆናለች ማለት ነው። አልፈርድባትም። ሕጉ አለ፤ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ ካልጠበቀ ተጠያቂ ነው ይላል። ከኋላዋ የሚቆም ግን አልነበረም። እኔ እያለሁ ኢንሹራንስ ሲባል የምናውቀው የመኪናውን ሦስተኛ ወገን ነው። ለሹፌሩ ያሰብነውን ለነርሷ አላሰብንም።

አሜሪካም ቢሆን ለተናገረ ሁሉ ምቹ አይደለም። ቴነሲ ውስጥ ራዶንዳ ቮት የተባለች ነርስ በ2017 መድኃኒት ተሳስታ ሰጥታ በሽተኛዋ ሞቱ። ስህተቷን አልደበቀችም። በ2022 ግን በወንጀል ጥፋተኛ ተብላ የ3 ዓመት ፕሮቤሽን፣ ማለትም ሳትታሰር በክትትል ሥር መቆየት፣ ተፈረደባት። ያን ሰሞን ምሳ ክፍላችን ጸጥ ብሎ ነበር።

ለክሱ የምስክርነት ቃሌን በሰጠሁበት ቀን የሴትዮዋ ልጅ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣለች። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ሳላስበው ከወንበሬ ብድግ ማለት ጀመርኩ። ጠበቃዬ ክርኔን ነካ አደረገኝ። ተቀመጥኩ።