የቲፑ ነብርና የቁስቋም ዘውድ

እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ለንደን የሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላን 150ኛ ዓመት አስመልክቶ ከአገራችን የተወሰዱ ዕቃዎችን ለብቻ አውጥቶ ያሳይ ነበር። ያኔ ዘጠኝ ዓመት የሆናትን ልጄን ይዤ ሄድኩ። የወርቁን ዘውድ እንድታይልኝ ፈልጌ ነው። እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ጎንደር ላይ ለቁስቋም ማርያም ያሠሩት እንደሆነ ይታመናል። መስታወቱ ፊት ቆሜ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሳስረዳት፣ እሷ እጄን ትጎትታለች። «አባዬ፣ ነብሩስ?» አለችኝ። የክፍሏ ልጆች ሁሉ አይተውት ኖሯል።

ነብሩ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነበር። ከእንጨት የተጠረበ፣ ቀለም የተቀባ፣ ባለ መስመሩ የሕንድ ነብር ነው። ትልቅነቱ የእውነተኛ ነብር ያህላል። ከሥሩ አንድ አውሮፓዊ በጀርባው ተንጋሏል፤ ነብሩ አንገቱን ነክሶታል። ጎኑ ላይ ያለው እጀታ ሲዞር የሰውዬው እጅ ይነሳል፣ የጣር ድምፅ ይወጣል፣ ነብሩም ያጉረመርማል። ሆዱ ውስጥ ኦርጋን አለ። ልጆች በጣም ይወዱታል። በሙዚየሙ ሱቅ አሻንጉሊቱ ይሸጣል። ገዛሁላትና አቅፋው ቤት ገባን።

ከየት እንደመጣ ያኔ ልብ ብዬ አላነበብኩም። በኋላ የነገረኝ የማታ ፈረቃ አብሮኝ የሚሠራ ሕንዳዊ ነው። ደቡብ ሕንድ ያለችው የማይሶር ልጅ ነው። ስለ ነብሩ ሳወራለት ሻዩን አስቀመጠና «እሱ የእኛ ነው» አለኝ። ነብሩ የማይሶር ገዥ የነበረው የቲፑ ሱልጣን ነው። የተወሰደው ከማይሶር 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ካቬሪ ወንዝ መሐል ከተቀመጠች የደሴት ከተማ ነው። የቲፑ መናገሻ ነበረች፤ ስሪራንጋፓትና ትባላለች። እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 1799 በከበባ ወደቀች። በእኛ 1791 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስለዚያች ከተማ ያገኘሁትን አነባለሁ። ስለ ሕንድ እያነበብኩ መቅደላ ይመጣብኛል።

ዘመኑን ላስታውስ። ዴልሂ ላይ የሞጉል ንጉሠ ነገሥት አለ፤ የቀረው ግን ስሙ ብቻ ነው። ሻህ አላም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1788 አንድ የጦር አለቃ ቤተ መንግሥቱ ድረስ ገብቶ ሁለት ዓይኑን አጠፋው። ሰው «የሻህ አላም ግዛት ከዴልሂ እስከ ፓላም» ይል ነበር። ፓላም ዛሬ የዴልሂ አውሮፕላን ማረፊያ ያለበት አካባቢ ነው። ከፒያሳ እስከ ቦሌ እንደማለት ነው። በዚያው ዘመን ጎንደር ላይ ማን ነበር? አፄ ተክለ ጊዮርጊስ። ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ የወረዱ፣ «ፍጻሜ መንግሥት» የተባሉት። ዘመነ መሳፍንት ነበራ። እዚያም እዚህም ዙፋኑ አለ፣ ጉልበቱ ግን በየአገሩ ጌቶች እጅ ነው። ሕንዶች የባሰባቸው ደጃፋቸው ላይ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የሚባል የእንግሊዝ ነጋዴ ከነሠራዊቱ ተቀምጦ ስለነበር ነው።

በዚያ ክፍተት ከተነሡት አንዷ ማይሶር ናት። ሃይደር አሊ ከወታደርነት ተነስቶ አገሩን ያዘ። ልጁ ቲፑ ሱልጣን እ.ኤ.አ. በ1782 ተተካ። ቲፑ ጦሩን አደራጀ፣ የሞጉሉን ስም ትቶ በራሱ መንገድ ገንዘብ አሳተመ፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ ቱርክ ሱልጣን መልክተኛ ላከ። የብረት ቀፎ ያለው ሮኬት ይተኩስ ነበር። ነብርን ምልክቱ አደረገ፤ ዙፋኑ ላይ ነብር፣ መድፉ ላይ ነብር፣ የወታደሩ ልብስ ላይ የነብር መስመር። ቋራኛው ካሣ ትዝ አይላችሁም? መድፍ ካልሠራችሁልኝ ብሎ ፈረንጆቹን ጋፋት ላይ ያስቀመጠው?

ስሪራንጋፓትና ሁለት ጊዜ ተከባለች። መጀመሪያ በ1792 የከበባት ሎርድ ኮርንዋሊስ ነው። አሜሪካ ላይ ተሸንፎ እጁን የሰጠው ጄኔራል ማለት ነው። ቲፑ ታረቀ። ለእርቁ የአገሩን ግማሽ ለቀቀ፣ 33 ሚሊዮን ሩፒም ተቆረጠበት። ዕዳው እስኪከፈል ሁለት ትንንሽ ልጆቹን መያዣ አድርጎ አስረከበ። የእንግሊዝ ሠዓሊዎች ይህን ርክክብ ደጋግመው ሥለውታል። ኮርንዋሊስ ልጆቹን እንደ አባት እጃቸውን ይዞ ሲቀበል ያሳያሉ። እኔ ያንን ሥዕል ሳይ የሚታየኝ ልዑል ዓለማየሁ ነው። በሰባት ዓመቱ ከመቅደላ ወርዶ መርከብ ላይ የወጣው ልጅ። የቲፑ ልጆች ከሁለት ዓመት በኋላ ለአባታቸው ተመልሰዋል። ዓለማየሁ አልተመለሰም።

በ1799 ኩባንያው እንደገና መጣ። ናፖሊዮን ግብፅ ገብቶ ስለነበር ቲፑ ከፈረንሳይ ጋር ተማክሯል የሚል ምክንያት ነበራቸው። ጄኔራል ሃሪስ 50 ሺህ ያህል ጦር ይዞ ደሴቲቱን ከበበ። ከዚያ ጦር አብዛኛው ሕንዳዊ ነው። የኩባንያው ቅጥር ወታደርና የጎረቤቱ የሃይደራባድ ገዥ፣ የኒዛሙ ሰው።

ሁለቱም ወገን ሰማይ ሰማይ ያያል። ክረምቱ ከገባ ካቬሪ ይሞላል፤ ከሞላ ደግሞ ደሴቲቱን የሚደፍር የለም። የከባቢዎቹ ስንቅ እያለቀ ነው። ቲፑ ዝናቡን ይጠብቃል። ሃሪስ ዝናቡን ለመቅደም ቀን ከሌት ግንቡን ይደበድባል። ሜይ 3 ላይ ግንቡ ተነደለ። በማግስቱ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ወታደሩ ወንዙን በእግሩ ገባበት። ፊት ፊት የሚመራው ዴቪድ ቤርድ ነው። እዚያችው ከተማ ውስጥ ከሦስት ዓመት በላይ ታስሮ የኖረ ሰው። ጀንበር ሳትጠልቅ ሁሉም አለቀ። የቲፑ አስከሬን ማታ በችቦ ሲፈለግ በሩ ሥር ከሬሳ ክምር መሐል ተገኘ። አልሸሸም ነበር።

ያን ሌሊት ከተማዋ ተዘረፈች። ከቤት ቤት እየገቡ ነው። በማግስቱ አርተር ዌልስሊ፣ በኋላ ዋተርሉ ላይ ናፖሊዮንን ያሸነፈው፣ ወታደሩን በስቅላትና በጅራፍ ነው አደብ ያስያዘው። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው የት እንደተሸሸጉ አስባለሁ። አሻንጉሊቱ አሁንም ልጄ መደርደሪያ ላይ አለ። ባየሁት ቁጥር ያቺ ሌሊት ትመጣብኛለች።

ከዚያ ሕጋዊው ዝርፊያ ተከተለ። የምርኮ ገንዘብ አከፋፋዮች ተሾሙ። ቲፑ የነብር ራስ ያለበት የወርቅ ዙፋን ነበረው። የኩባንያው ገዥ ለእንግሊዝ ንጉሥ እንዳለ ሊልከው ፈልጎ ነበር፤ እሱ ሳይደርስ ቆራርጠው ጨርሰውት ተገኘ። ለሃሪስ ከ140 ሺህ ፓውንድ በላይ ደረሰው። ተራው ወታደር ጥቂት ፓውንድ ይዞ ሄደ። ወደ 2 ሺህ የሚሆኑ መጻሕፍት ተጫኑ።

አሁን መቅደላን አስታውሱ። 1860 ዓ.ም. ናፒየር የመጣው ከቦምቤይ ነው። የፑንጃብና የባሉች ወታደር፣ 44 ዝሆን ይዞ ዙላ ላይ ወረደ። ምርኮውን ደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን በጨረታ ሸጡት። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው አብሮ ዘምቶ ነበር፤ ዘውዱንና ጽዋውን ከአንድ ወታደር እጅ በ4 ፓውንድ ገዛ። ብራናው ዛሬ ለንደን ነው። ሮኬቱም ቢሆን ዝምድና አለው። ኮንግሪቭ የሚባል እንግሊዛዊ የማይሶርን ሮኬት አጥንቶ የራሳቸውን ሠራ። በስቅለት ዕለት አሮጌ ሜዳ ላይ በቴዎድሮስ ሰዎች ላይ የተተኮሰው የዚያ ዘር ነው። ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ተነሳሁ።

ደሴ ስንማር መቅደላን በቃላችን እንወጣው ነበር። ሽጉጡን፣ ሴባስቶፖልን፣ ሁሉንም። ከቦምቤይ መጡ ያለን ግን አልነበረም። እዚህ አገር ማን ምን በስንት እንደገዛ ሳይቀር ተጽፎ ተቀምጧል። አገር ቤት የቀረን ቁጭቱ ነው። እኔ ራሴ የደሴ ልጅ ሆኜ መቅደላ አምባ የወጣሁት ከለንደን ሄጄ ነው። ሴባስቶፖል እዚያው አፈር ላይ ተቀምጦ ሳገኘው በእጄ ዳስሼው አለቀስኩ። ባልደረባዬ ደግሞ ልጅነቱን ቲፑ የወደቀበት ድንጋይ አጠገብ ኳስ ሲጫወት ነው ያሳለፈው። ባቡር በግንቡ ውስጥ ያልፋል ይለኛል።

አንድ ነገር ግን ከሁለታችንም አገር ሰው እሰማለሁ። «ከተማዋ ለምን ወደቀች?» ስትሉ መልሱ አንድ ስም ነው። እነሱ ጋ ሚር ሳዲቅ ይባላል። የቲፑ ባለሥልጣን ነበር። በወሳኙ ሰዓት ደመወዝ ተቀበሉ ብሎ ወታደሩን ከግንቡ አራቀ ይላሉ። እኛ ጋ ለናፒየር መንገድ የሰጡት ካሣ ምርጫ ናቸው፤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የሆኑት። ለንደን ውስጥ ቡና ላይ ይህ ጨዋታ ከተነሳ ማምሻውን ሰው ተኳርፎ ይለያያል። ባንዳው የየትኛው አገር ሰው እንደሆነ ስንቆጥር እንመሻለን።

ካሣ መድፍና ጠመንጃ አግኝተዋል፤ እውነት ነው። ግን ጎረቤቱ ለምን እንግሊዝን መረጠ? ኒዛሙና ሌሎቹ ጎረቤቶች ማራታዎቹ በ1792 ከኩባንያው ጋር ተሰልፈው የቲፑን ግማሽ አገር ተካፍለዋል። ከቲፑም ከአባቱም ጋር የቆየ ቁስል ነበራቸው። ቴዎድሮስም ጎንደርን አቃጥለዋል። የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብራና መቅደላ የገባው በሳቸው እጅ ነው። የወሎና የዋግ ሰው ናፒየር ሲመጣ ለምን እንዳልተነሳ ለመረዳት ባንዳ መፈለግ አያስፈልግም። ቴዎድሮስን እወዳቸዋለሁ። ይህን ስጽፍም እጄ ይከብደኛል።

አንድ ሰው ነው ይህን ያስተማረኝ፤ እሱም ሳያውቀው ነው። በደርግ ጊዜ የሂሳብ አስተማሪያችን ሕንዳዊ ነበሩ። ደቡብ ሕንድ ያለችው የኬራላ ሰው። በዚያ ዘመን ብዙ ትምህርት ቤት የሕንድ አስተማሪ ነበረው። አንድ ቀን የታሪክ አስተማሪያችን ስለ ጀግኖች ሲያወራ ቲፑን ጠራ። እሳቸው ፊታቸው ጠቆረ። «የእኛ ቤተሰብ ከሱ ጦር ሸሽቶ ወደ ደቡብ የሄደ ነው» አሉን። ያኔ አልገባኝም። ቲፑ በ1780ዎቹ መጨረሻ የዛሬው ኬራላ ሰሜን በሆነው ማላባር ላይ ሲዘምት ብዙ ሕዝብ ወደ ደቡቡ ትራቫንኮር መሰደዱን ያነበብኩት ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ማንጋሎር ያሉ ክርስቲያኖችን ቤታቸውን አስለቅቆ ወደዚያችው ደሴት አግዟል። ዛሬም ጉዳዩ አልበረደም። ማይሶር ያለችበት የካርናታካ ክልል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 የቲፑን ልደት በይፋ ማክበር ጀመረ፤ በ2019 ሌላ መንግሥት መጥቶ አስቀረው። በሐውልትና በበዓል የምንጣላ እኛ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ባልደረባዬን ጠየቅኩት። ስለ አስተማሪዬ ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ «እውነታቸውን ነው» አለኝ። «ግን ነብሩ ይመለስ እላለሁ።» እኔም ስለ ዘውዱ እንዲሁ እላለሁ። ሙዚየሙ በረጅም ጊዜ ውሰት ልሰጥ እችላለሁ ብሏል። የቁስቋምን ዘውድ ለጎንደር ማዋስ! ቃሉ እስካሁን ያመኛል።

በሚቀጥለው ወር ሁለታችንም እረፍት አለን። ዊንዘር ልንሄድ ነው። ከቲፑ ዙፋን የተረፈው የወርቅ ነብር ራስ የንጉሣውያኑ ስብስብ ውስጥ ነው። ዓለማየሁም በ18 ዓመቱ ሞቶ እዚያው ዊንዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው የተቀበረው። አስከሬኑ ለአገሩ ይሰጥ ተብሎ ቢጠየቅም ቤተ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2023 አልፈቀደም። ጸሎት ቤቱ ውስጥ በስሙ የተሰቀለ የነሐስ ጽሑፍ አለ፤ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» የሚል። ልጄ አሁን ትልቅ ሆናለች። እሷም እመጣለሁ ብላለች፤ አበባውን እኔ ነኝ የምገዛው አለች።