ከሳውዝ ቢች እስከ ቢሾፍቱ፦ የውኃው ዳር የማን ነው?

በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለዕረፍት ወደ ማያሚ ቢች ሄደን ስንመለስ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ባሕሩ ሙቀትና ስለ ምሽቱ ድምቀት ነው። ባለፈው ዓመት ከባለቤቴ ጋር በሳውዝ ቢች፣ ኦሽን ድራይቭ በሚባለው ጎዳና ላይ ባለች ትንሽ ቡቲክ ሆቴል ስናርፍ ግን ከሁሉ በላይ ሐሳቤን የያዘው የሆቴሎቹ አቀማመጥ ነበር። ከ5ኛው እስከ 15ኛው መንገድ ድረስ ሆቴሎቹ የተደረደሩት ከጎዳናው በአንዱ ወገን ብቻ ነው። በባሕሩ በኩል ያለው ለመስ ፓርክ የተባለ የሕዝብ መናፈሻ ሲሆን፣ ከዘንባባዎቹ ቀጥሎ አሸዋው፣ ከአሸዋው ቀጥሎ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገኛል። ለአንድ ሌሊት ብዙ ዶላር የከፈለው እንግዳም ሆነ በአውቶቡስ መጥቶ ምሳውን በማቀዝቀዣ ሣጥን ይዞ የወረደው ቤተሰብ፣ ያንኑ አስፋልት ተሻግሮ በዚያው አሸዋ ላይ ፎጣውን ያነጥፋል። ትኬት የሚጠይቅ ጥበቃ የለም።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ማያሚ ቢች የምትገኝበት የፍሎሪዳ ግዛት ሕገ መንግሥት በ10ኛው አንቀጹ፣ ከባሕሩ የሙላት መስመር በታች ያለው ዳርቻ ግዛቱ ለሕዝቡ ሁሉ በአደራ የያዘው መሆኑን ይደነግጋል። ከመናፈሻው በስተሰሜን፣ ኮሊንስ አቬኑ በተባለው ጎዳና በኩል፣ ትልልቆቹ ሆቴሎች እስከ አሸዋው ድረስ ተጠግተው ቢሠሩም በጀርባቸው የሕዝብ የእግር መንገድ ያልፋል፤ ሯጩም፣ ጋሪ የምትገፋ እናትም በዚያ በኩል ያልፋሉ።

ሆኖም ሕግ ብቻውን ለሁሉም አልበቃም ነበር፤ ይህን ጥቁር የሆነ እንግዳ ሊዘነጋው አይገባም። በዘር መለያየቱ ዘመን በማያሚ ቢች ሆቴሎች ውስጥ የሚሠሩ ጥቁሮች መታወቂያ ወረቀት ይዘው ይገቡ ነበር። በመድረኮቹ ላይ የሚዘፍኑት ዝነኛ ጥቁር ድምፃውያን እንኳ ዝግጅታቸውን ጨርሰው ለማደር ኦቨርታውን ወደተባለው የማያሚ የጥቁሮች ሰፈር ይሻገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 ጥቂት ጥቁሮች በሆሎቨር የባሕር ዳርቻ ለነጮች ብቻ በተከለለው ውኃ ውስጥ ገብተው ተቃውሟቸውን ገለጹ፤ በዚያው ዓመት ቨርጂኒያ ኪ የተባለው ዳርቻ ለጥቁሮች ተከፈተላቸው። ሙሉው እኩልነት የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። እኔና ባለቤቴ ያለ አንዳች ጥያቄ ቁልፋችንን የተቀበልነው እነዚያ ሰዎች በከፈሉት ዋጋ ነው፤ ለዚህም ባለ ዕዳ ነን።

ሆቴሎቹም ቢሆኑ ሰው ተሟግቶላቸው የተረፉ ናቸው። አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መካከለኛ ገቢ ላለው መንገደኛ ታስበው የተሠሩ፣ ከሦስትና ከአራት ፎቅ ብዙም የማያልፉ ሕንፃዎች ናቸው። ከየመስኮቱ በላይ እንደ ቅንድብ የወጣው የኮንክሪት ጥላ ፀሐዩን ይከላከላል፤ ማዕዘናቸው ክብ ነው፤ ወለላቸው በአዲስ አበባ የድሮ ቤቶች ደረጃ ላይ የምናውቀው ቴራዞ ነው። እስከ 1970ዎቹ ድረስ አርጅተው የጡረተኞች ርካሽ ማደሪያ ሆነው ነበርና ለማፍረስ የተነሡ ባለሀብቶች አልጠፉም። ባርባራ ቤየር ካፒትማን የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1976 የቅርስ ጥበቃ ማኅበር መሥርታ ተነሣች፤ በ1979 ሰፈሩ በአገሪቱ የታሪካዊ ሥፍራዎች መዝገብ ላይ ሰፈረ። መመዝገቡ ብቻ ግን ከመፍረስ አላዳነም። ሴኔተር የተባለው ሆቴል ብዙ ተለምኖለት በ1988 ፈረሰ። ካፒትማን በ1990 ዐረፈች፤ የተሟገተችላቸው ግንቦች ዛሬ ከዓለም ዙሪያ እንግዳ እየሳቡ ከተማዋን ይመግባሉ።

ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። ክፍላችን ሁለት ሻንጣ ለመክፈት ይጠባል፤ የመንገዱ ሙዚቃ እስከ ሌሊት ስለማይቆም የእንግዳ ተቀባዩ ልጅ ቁልፉን ሲሰጠን አብሮ የጆሮ መድፈኛ ሰጥቶናል። ከክፍሉ ዋጋ በላይ በየሌሊቱ የሪዞርት ክፍያ የሚባል ይታከላል፤ በጎዳናው ምግብ ቤቶችም የአስተናጋጅ ጉርሻ አስቀድሞ ሂሳቡ ላይ ስለሚደመር፣ ወረቀቱን በጥሞና ያላነበበ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ይህን አልወደድኩትም። የአገራችን ሆቴሎች የሚጨምሩት 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ቢያንስ ሁሉም የሚያውቀው ነው።

ወደ አገር ቤት ስመለስ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ 47 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቢሾፍቱ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች የታደለች ከተማ ናት። መስተንግዶውን ማንም አይነቅፈውም፤ ቡናው በዕጣን ይፈላል፤ አስተናጋጁ እንግዳውን እንደ ዘመድ ይቀበላል፤ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሐይቁን ማየት መንፈስን ያድሳል። ነገር ግን ያ በረንዳ ያለው ከግንብ አጥር በስተጀርባ ነው። ሐይቁን በቅርብ ለማየት የፈለገ ሰው በአብዛኛው በመዝናኛው በር ላይ የመግቢያ ይከፍላል፤ መክፈል ያልቻለው፣ በዚያው ከተማ ተወልዶ ያደገ ወጣት፣ ውኃውን በአጥር ቀዳዳ ያያል። አንድ ሎጅ ውስጥ ሳለሁ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ሐይቁን የሚያዩ ልጆችን ጥበቃው ሲያባርራቸው ተመልክቻለሁ፤ ያዘዝኩት ዓሣ አልዋጥልህ አለኝ። የእኛም ሕገ መንግሥት እኮ በ40ኛው አንቀጹ የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን ደንግጓል! ባለሀብቱ በሊዝ የወሰደው መሬት እንጂ ሐይቁን አይደለም፤ አጥሩ ግን ሁለቱንም አብሮ ዘጋው።

ሐዋሳ በዚህ ረገድ የተሻለች ሆና አግኝቻታለሁ። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳር መንሸራሸሪያ ሰው በሰፊው ይንሸራሸራል፤ አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ሲፈታ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከሰው መካከል ገብተው አንጀቱን ሲጠብቁ፣ ሀብታሙም ድኻውም አንድ ቦታ ቆሞ ትኩስ ሾርባ ይጠጣል። በዚያ አካባቢ ትንንሽ፣ ንጹሕ፣ ሰፈሩን የሚመስሉ ማረፊያዎች ቢከፈቱ እንግዳው ከግቢው የሚወጣበት ምክንያት ሁሉ ከደጁ አለለት።

ስለ አሮጌ ቤቶችም ዝም ማለት አልችልም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተሠራው፣ በአገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል የሆነው እቴጌ ጣይቱ በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጎድቶ እንደገና ለአገልግሎት በቅቷል፤ የእንጨት ደረጃውን የወጣ ሰው በኦሽን ድራይቭ በውድ የሚሸጠው ነገር በእጃችን እንዳለ ይረዳል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ ግን እንደዚያ ሊታደሱ ይችሉ የነበሩ ቤቶች አብረው ሄደዋል። አዲሶቹ የእግረኛ መንገዶች ሰፊና ያማሩ ናቸው፤ ማታ ማታ ሕዝቡ ሲንሸራሸርባቸው ማየት ያስደስታል። አሮጌዎቹን ቤቶች አድሶ በእነዚሁ መንገዶች ዳር ማቆየት ግን ይቻል ነበር። ቅርስን ለመጠበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለን፤ የጎደለን እንደ ካፒትማን የየግንቡን ታሪክ ይዞ የሚሟገት የሰፈር ማኅበር ነው።

አሁን በአሜሪካ ካሉ ወዳጆቼ መካከል ገንዘብ አዋጥተው ሐይቅ ዳር ሎጅ ለመሥራት የሚመካከሩ አሉ። ሐሳባቸውን እደግፋለሁ። የምለምናቸው ንድፉን ከማጽደቃቸው በፊት በግቢያቸውና በውኃው መካከል የአካባቢው ሰው በነጻ የሚያልፍበት መንገድ እንዲተዉ፣ ይህንንም በሊዝ ውላቸው ላይ እንዲያስጽፉ ነው።