ጠላ ላይ ሊቅ፣ ቢራ ላይ ዝም

ጎንደር ላይ ቢራ ስታዝዙ አስተናጋጁ የሚጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። ምን ቢራ? ቀዝቃዛ ወይስ ኖርማል? ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ ኳስ፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ሰው ሠርግ ነው። ስለ ቢራው ማንም ትንፍሽ አይልም። ሲያልቅ "ድገመን" ይባላል፣ በቃ።

እኔ የምኖረው ጀርመን፣ ኮሎኝ ነው። እዚያ ቢራው ራሱ ወሬ ነው። የኮሎኝ ሰው ኮልሽ የሚባለውን የከተማውን ቢራ ይጠጣል፤ ቀጠን ባለች 200 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ። ብርጭቆዋ ያነሰችው ከንፉግነት አይደለም። ቢራው ሳይሞቅ፣ አረፋው ሳይሟሽሽ እንዲያልቅ ነው። አስተናጋጁ ባዶውን ያነሳና ሳይጠየቅ ሌላ ያስቀምጣል፤ ብርጭቆው የሚያርፍባት ካርቶን ላይም አንድ ጭረት ይጭራል። በቃኝ ያለ ሰው ካርቶኗን ብርጭቆው ላይ ይከድናል። እኛ ጋ ሒሳብ የሚያዘው ባዶ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ነው። አንዳንዱማ ጠርሙሱ ቢነሳበት ማዕረጉ የተገፈፈ ይመስለዋል።

ጀርመኖች ቢራ ላይ ኩራታቸው የቆየ ነው። ባቫርያ ውስጥ በፈረንጆቹ 1516 የወጣው ሕግ ቢራ ከውሃ፣ ከገብስና ሆፕስ ከሚባለው መራራ አበባ ብቻ ይጠመቅ ይላል። የእኛ ጌሾ በዚያ ሕግ ብትዳኝ ወድቃ ነበር። ሥራዋ ግን ያው የሆፕስ ሥራ ነው፤ መራራነቱን የምትሰጠው እሷ ናት።

የእኔ ትዝብት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ያ ቢራውን ዝም ብሎ የሚጨልጠው ጎንደሬ ጠላ ቤት ሲገባ ሌላ ሰው ይሆናል። ጣሳውን ተቀብሎ መጀመሪያ ያየዋል። ያሸተዋል። ጎንጨት ይላል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ ፍርዱን ይሰጣል። "እትዬ፣ ዛሬ ጌሾዋ በርታ ብላለች።" "ይቺማ ገና ጉሽ ናት።" ውሃ ውሃ ያለው እንደሆነ ደግሞ ቅራሪ መሆኑን ለመናገር ማንንም አያፍርም። ደረቆቱ አሮ እንደሆነ ይለያል። እንስራው በወይራ በደንብ መታጠኑን ከሽታው ያውቃል። ማንም ኮርስ አልሰጠውም። እናቱ ስትጠነስስ እያየ፣ እየቀመሰ ነው ያደገው።

ባምበርግ የምትባል የባቫርያ ከተማ አለች። እዚያ ለአንዱ ቢራቸው ብቅሉን የሚያደርቁት በእንጨት ጭስ ነው። ሰው ያንን ለመቅመስ ብሎ ከሩቅ ይመጣል። ጓደኛዬ ጀርመናዊው "የተጨሰ ሥጋ ይላል" አለኝ። ለእኔ የመጣልኝ በወይራ የታጠነ ጋን ነው። እንግዲህ እነሱ ጉዞ የሚወጡለትን ጣዕም እኛ በጣሳ ስንጠጣው ኖረናል።

ታዲያ ይህ ምላስ ቢራ ቤት በር ላይ ለምን ይቀራል? እኔ የማስበው እንዲህ ነው። ቢራ የመጣልን ታሽጎ፣ ስም ተለጥፎበት ነው። የመረጥነውም በማስታወቂያው ነው፤ በዘፈኑ፣ በኳስ ስፖንሰርነቱ። የ2011ዱ አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ካስወጣው ወዲህ እንኳ "የእኔ ቢራ" የሚለው ወገንተኝነት አልለቀቀንም። ዳሽን የጎንደር ልጅ ነው፣ ስለዚህ ዳሽን። በዚህ አልከራከርም፤ እንዲያውም ከፍቅሩ የሚበልጥ ምክንያት አለው። ፋብሪካው ከ1990ዎቹ ጀምሮ እዚሁ ከተማው ውስጥ ነው። እንዲህ ዓይነት ፈካ ያለ ቢራ ደግሞ ሲቆይ አይሻልም፣ ይብስበታል። ያረጀ እንደሆነ እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይላል። ቅርብ የተጠመቀ፣ ቅርብ የሚጠጣ ከሆነ ጥሩ ነው። ግን ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቀን የሚያይ ሰው አንድም አላጋጠመኝም።

ፀሐዩም አለ። አንድ ሱቅ በር ላይ የቢራ ሳጥን ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ሲመታው አየሁ። ብርሃን ሆፕሱን ያበላሸዋል፣ መጥፎ ሽታ ያመጣል። ቡናማ ጠርሙስ ይከላከላል፤ ነጭና አረንጓዴው ግን ብዙም አያድንም። ይህን ሳወራ ልጆቹ "ፈረንጅ ሆንክ" ብለው ሳቁብኝ። ጠላ ሲያማርጡ ግን ማንም ፈረንጅ አይላቸውም።

ስለ ቅዝቃዜውም ልበል። በረዶ የሆነ ቢራ ምላስ ያደነዝዛል፤ ጥሩውም መጥፎውም አንድ ይሆናል። ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ይበቃዋል። "ኖርማል" የሚሉት አባቶች ለጉሮሯቸው ብለው ቢሆንም፣ ከእኛ ይልቅ ለጣዕሙ የቀረቡት እነሱ ናቸው። የጎንደር ምሽት ደግሞ ራሱ ቀዝቃዛ ነው።

አንድ ጉዳይ ላይ ግን የአገሬን ሰው እደግፋለሁ፤ አረፋው ላይ። ጀርመን አረፋ ይወዳል፤ ሽታውን ይዞ የሚወጣው እሱ ነው። እኛ ጋ ጃምቦ አረፋ በዝቶበት ከመጣ ጠብ ነው። መጀመሪያ አላዋቂነት መስሎኝ ነበር። በኋላ የጀርመኑን ብርጭቆ ልብ ብዬ ሳየው ከአፉ ዝቅ ብላ አንዲት ቀጭን መስመር ተሠምራለች፤ አጠገቧም መጠኑ ተጽፏል። ቢራው እስከ መስመሯ መሙላት አለበት፤ አረፋው ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ አረፋ ማንንም አይሰርቅም። እኛ ጃምቦ ላይ መስመር የለም። አረፋው በጨመረ ቁጥር ቢራው ይቀንሳል፣ ዋጋው ግን ያው ነው። ጠቡ የሒሳብ ነው እንጂ የጣዕም አይደለም። አራዳ ላይ ካሉት ቤቶች አንዱ ይህችን መስመር ጃምቦው ላይ ያሠምር፣ ዕቃውን ከጥብስ ቅባት ነጻ አድርጎ ይጠብ፤ ቅባት የነካው ብርጭቆ አረፋ አይዝም። የከርሞ ጥምቀት ስመጣ የምገባው እሱ ቤት ነው።